እንጀራን የከሰሰ የለም፦ ስለ «ሎው ካርብ» ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከቡድን ቡድን ሲዘዋወር የሰነበተ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ካርቦሃይድሬት ቀንሶ መመገብ፣ ማለትም «ሎው ካርብ»፣ ጠበቅ ሲል ደግሞ «ኬቶ» የሚባለው፣ የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ ለሐበሻ ሰውነት አይስማማም፤ ኪሎ ቀነሰ የሚባለውም ለታይታ ነው ይላል። ለእኔ ከዘመድም ከመሥሪያ ቤት ጓደኛም ተልኮልኛል። የላኩልኝ ሁሉ ምሳ ላይ እንጀራ መቀነሴን የሚያውቁ ናቸውና መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ይበቃሃል፣ ወደ ቀልብህ ተመለስ። ጽሑፉን ረጋ ብዬ አነበብኩት። ልክ የሆነ ነገር አለው። የሚበዛው ግን ውሃ አይቋጥርም፤ አንዲቱ አንቀጽ ደግሞ ሰው ልትጎዳ የምትችል ናት። እሷን ለመጨረሻ አቆያታለሁ።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ በልተው ቀጭንና ጤነኛ ነበሩ፤ ሯጮቻችንም በእንጀራ ወርቅ ያመጣሉ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የካርቦሃይድሬት አይደለም ይላሉ። ጤፍ ግሉተን የሌለው፣ ብረትና ፋይበር የሞላው እህል ስለሆነ እንደ ፉርኖ ዳቦ ስኳር አያስነሳም፤ የስኳር ሕመምተኛም ሳይሰቀቅ ሊበላው ይችላል ይላሉ። በሎው ካርብ የሚወርደው ኪሎ ውሃ ነው፤ እህል በቀመሱ ማግስት ይመለሳል። አንጎል የሚኖረው በስኳር ነው፤ ያንን ሲነፍጉት ሰውነት «ኬቶን» የሚባል መርዝ ያመርታል፤ እሱም ሰውን ድንገተኛ ክፍል ያስገባል። ሥጋና ቅቤ ማብዛት ልብንም ኩላሊትንም ይጨርሳል። በመጨረሻም ይህ አመጋገብ ለኪሳችንም ለጾማችንም አይሆንም። ጽሑፉ ይኸው ነው። የቀረው እልህና ቁጭት ነው፤ ለእሱ መልስ የለኝም።

ማን ሆኜ እንደምመልስ ልናገር። ሐኪም አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ የሚሠራ፣ በቤተሰቡ ስኳር ያለበት ሰው ነኝ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ ተመርምሬ ውጤቱ አፋፍ ላይ ሲሆን ሐኪሜ ኪሎ እንድቀንስ መከሩኝ። ስኳር፣ ለስላሳ፣ ዳቦና ፓስታ ተውኩ፤ እንጀራውን ከሩብ ብዙም አላሳልፍም። ሱሪዎቼን አስጠብቤያለሁ፤ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚደፋኝ እንቅልፍም ጠፍቷል። ይህ የአንድ ሰው ታሪክ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ጸሐፊው «ለእገሌ ሠራለት ማለት ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም» ማለታቸው ትክክል ነው። ስለዚህ ክርክሩን በእኔ ሱሪ ላይ አላቆመውም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአያቶቻችን እንጀምር። አያቶቻችን እንጀራ በልተዋል፤ ቀጭንም ነበሩ። እዚህ ላይ አንጣላም። ግን ከጎሕ ጀምሮ ከበሬ ኋላ ሲያርስ የዋለ ገበሬ፣ እንስራ አዝላ ከወንዝ ዳገት የምትወጣ፣ መጅ ይዛ ወፍጮ ላይ የምትውል ሴት፣ ከእኔና ከጸሐፊው ጋር እኩል እንዴት ይታያሉ? እኔ ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ሊፍት ነው የምራመደው። በዚያ ላይ አያቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ጠግበው ይበሉ ነበር ብሎ ማሰብ ታሪክን ማሳመር ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ሐምሌና ነሐሴ የሚባል ነገር ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም አለ። ከቅጥነቱ ከፊሉ የሥራ፣ ከፊሉ የእጦት ነው።

ስኳሩስ? የአያቶቻችን ጣፋጭ ማር ነበር፤ እሱም የሚበዛው ወደ ጠጅ ይሄዳል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1954 ነው። ዛሬ በየሻይ ቤቱ ስኒው ሥር ሳይሟሟ የሚቀረው ስኳር ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ እንጂ የጥንት ባህል አይደለም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል። «አያቶቻችን የበሉትን እንብላ» የሚል ሰው የመጀመሪያ ሥራው ይህንን ከገበታው ማንሳት ነው። ያንን ካደረገ ደግሞ፣ ሳያውቀው፣ ግማሽ ሎው ካርብ ሆነ ማለት ነው።

የሐበሻ ሰውነት የተለየ ነው ለሚለው ከራሳችን ሰዎች የሚበልጥ ምስክር የለም። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ቁጥሩ ሽቅብ መውጣቱን የእስራኤል ሐኪሞች መዝግበዋል። ደሙ ያው ነው፤ ብዙዎቹ ቤት እንጀራም አልቀረም። የተለወጠው እግር የሚሄድበት መንገድ፣ ነጭ ዱቄቱ፣ ስኳሩና ጥጋቡ ነው። ይህ ምሳሌ ግማሹ ለጸሐፊው እንደሚመሰክር አልክድም፤ እንጀራ ብቻውን በሽታ እንዳልሆነ ያሳያል። ሌላው ግማሽ ግን «እኛን አይነካንም» የሚለውን አፍርሶታል።

ስለ ሯጮቹ ብዙ አልልም። በሳምንት 150 እና 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አትሌት ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። በአውስትራሊያ በርምጃ ተወዳዳሪዎች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናትም ኬቶ ለእንደዚህ ዓይነት ስፖርተኛ እንደማይበጅ አሳይቷል። ጸሐፊው ለአትሌቶች ከሆነ የጻፉት አብሬያቸው እፈርማለሁ። የጻፉት ግን ለእኛ ነው፤ ሩጫችን የታላቁ ሩጫ ቀን ቲሸርት መልበስ ላይ ለሚያበቃው።

«የፈረንጅ ፋሽን» የምትለዋን ደግሞ በአጭሩ። ነገሩ የመጣው ከፈረንጅ ነው ቢባል እንኳ ፋሽን ለመባል አርጅቷል። በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ለንደን ውስጥ ቀብር የሚያስፈጽም ወፍራም ሰው ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ እንዴት እንደቀነሰ በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አገር አነጋግሯል። ኢንሱሊን ቶሮንቶ ውስጥ ከመገኘቱ በፊትም ሐኪሞች ለስኳር ሕመምተኛ የነበራቸው መላ እህልና ጣፋጭ መከልከል ነበር። ከፈረንጅ እንውጣ ካልን ደግሞ ቦረናና አፋር አሉ። አርብቶ አደሩ ለዘመናት በወተትና በሥጋ ሲኖር እንጀራ የሌለው ሰው ተብሎ ኢትዮጵያዊነቱ አልተሰረዘም። ወተት የራሱ ስኳር ስላለው አርብቶ አደሩ ኬቶ ነው ልል አልችልም። ግን እህል የገበታ ንጉሥ ያልሆነበት ኑሮ እዚሁ ቤታችን ነበር።

አሁን ወደ ጤፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቀዋል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እውነት ነው። ግሉተን ግን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ካርቦሃይድሬት አይደለም። የግሉተን አለመኖር ጥቅሙ በተለይ ሴሊያክ ለሚባለው፣ ግሉተን ሲበሉ አንጀት ለሚጎዳበት ሕመም ነው። ከደም ስኳር ጋር አይገናኝም። ሩዝም ግሉተን የለውም፤ ስኳር ራሱ ግሉተን የለውም። ብረቱንም ቢሆን ከመጠን በላይ ባናሞግሰው ይሻላል፤ ጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ከፊሉ በሬ ሲያበራየው ከአውድማ የተቀላቀለ አፈር እንደሆነ ተመራማሪዎች ሲናገሩ ቆይተዋል። ፋይበሩን ግን አልነካም። ጤፍ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ እህል ነው፤ ከፉርኖ ዳቦ ይሻላል። ለዚህ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

ይሻላል ማለት ግን አይቆጠርም ማለት አይደለም። ባለፈው ሰሞን ከሰፈር እንጀራ ሻጭ የተገዛ አንድ እንጀራ አጣጥፌ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከ300 ግራም አለፈ። እንጀራ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ግን ካርቦሃይድሬት ነው። እንግዲህ አንዱ እንጀራ ወደ 100 ግራም ያዘ ማለት ነው። በተለምዶ ሎው ካርብ የሚባለው በቀን ከ130 ግራም በታች፣ ኬቶ ደግሞ ከ50 ግራም በታች ነው። አሁን የመሥሪያ ቤቴን ካፌ ምሳ ልንገራችሁ። ፍርፍር በእንጀራ አለ፦ እንጀራ በወጥ ተፈትፍቶ፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ በእንጀራ ይበላል። ፓስታ በእንጀራ አለ። ድንች ወጥ በእንጀራ አለ፤ ከጎኑ ዳቦ ይቀመጣል። ከላዩ ለስላሳ፣ ከዚያ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር። ይህንን የበላ ሰው ጤፍ በላ አይባልም፤ ስታርች በስታርች አወራረደ እንጂ።

ሌላም ጸሐፊው ያላነሱት ነገር አለ። የምንበላው ሁሉ ጤፍ ነው ወይ? ጤፍ ከተወደደ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በሩዝ፣ በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት ያልተደባለቀ እንጀራ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያሉ ወገኖቻችን የሚጋግሩት ብዙ ጊዜ በስንዴ፣ በገብስ ወይም በሩዝ የተደባለቀ ነው። ጸሐፊው ያመሰገኑት ንጹሕ ማኛ ጤፍ እና እኛ በፌስታል የምንገዛው ነገር ስማቸው አንድ ነው፤ ዱቄታቸው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

የሚወርደው ውሃ ነው የሚለው ክስ የመጀመሪያውን ሳምንት ከሆነ ልክ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚደርስ የስኳር ክምችት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እህል ሲቀነስ ክምችቱ ይራገፋል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ጣልኩ ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው የጣለው አብዛኛው ሽንት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በውሃ አይገለጽም። በእስራኤል ዲሞና ከተማ 322 ሰዎች ለሁለት ዓመት የተሳተፉበት፣ በ2008 የታተመ ጥናት አለ። ቅባት እንዲቀንሱ የተነገራቸው በአማካይ 2.9 ኪሎ ሲቀንሱ፣ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ የተነገራቸው 4.7 ኪሎ ቀንሰዋል። የሁለት ዓመት ውሃ የለም።

ይህንን ጠቅሼ ብሄድ ግን እኔም የምፈልገውን ብቻ መረጥኩ ማለት ነው። በ2018 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የክሪስቶፈር ጋርድነር ቡድን ጥናት 609 ሰዎችን አንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ ጣሉ፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ይህ ውጤት ለኬቶ አክራሪዎችም ለጸሐፊውም እኩል የሚቆረቁር ነው። ልብ መባል ያለበት ለሁለቱም ወገን መጀመሪያ የተነገራቸው ነገር ነው፦ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሱ፣ አትክልት አብዙ። እኔ ከዚህ የምረዳው ሎው ካርብ ምትሃት እንደሌለው ነው። የሚሠራው ሰው ሳይራብ አነስ አድርጎ እንዲበላ ስለሚያግዘው ነው። እንቁላልና ጎመን ጠዋት የበላ ሰው አራት ሰዓት ላይ ቦንቦሊኖ አያምረውም፤ ዳቦ በሻይ የበላው ግን ሰዓቱን ሲያይ ይውላል። ቅባት መቀነስ የሚቀለው ካለ በዚያው ይሂድ፤ የሚከራከረኝ ሰው አይመስለኝም። ኪሎው ሲተዉት ይመለሳል የተባለውም እውነት ነው፤ የዲሞናዎቹም ከስድስት ወር በኋላ ትንሽ መልሰዋል። ግን ተትቶ የማይመለስበት ዳይት የትኛው ነው? ጂም ያቋረጠ ሰው ሆዱ ሲመለስ «ስፖርት ውሸት ነው» አንልም።

ስለ አንጎል የተጻፈው ደግሞ ግማሽ እውቀት ነው። አንጎል በቀን 120 ግራም ያህል ስኳር ይፈልጋል፤ ይህ ከመጻሕፍት የማይጠፋ ቁጥር ነው። ነገር ግን ያ ስኳር በአፍ መግባት አለበት ያለ የለም። ጉበት ከፕሮቲንና ከስብ ቅሪት ራሱ ይሠራል። ሲያንስ ደግሞ ከስብ ኬቶን ያዘጋጃል፤ አንጎልም ይጠቀምበታል። በ1960ዎቹ የሃርቫርዱ ጆርጅ ካሂል ለሳምንታት ምንም ሳይበሉ የቆዩ ሰዎችን አጥንቶ፣ አንጎላቸው ከግማሽ የሚበልጠውን ኃይል ከኬቶን ሲወስድ አግኝቶታል። መርዝ ቢሆን ኖሮ እንዴት ተደርጎ?

ይህንን ለማወቅ ደግሞ ሃርቫርድ መሄድ አያሻንም። በስቅለት ዋዜማ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ጩኸት የሚያከፍሉ እናቶች በየቤታችን አሉ። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ የጉበት ስኳር እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ከዚያ ቅዳሴውን ቆመው የሚያስቀድሱት፣ ስግደቱን የሚሰግዱት በስብና በኬቶን ነው። ጸሐፊው «ኬቶን ለሐበሻ አይስማማም» ከማለታቸው በፊት ያከፈሉ ዘመዶቻቸውን ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ኬቶን እናቶቻችን ስሙን ሳይሰሙት የኖሩበት ነገር ነው።

ኬቶን ሰውን ድንገተኛ ክፍል ያስገባል የተባለው ስህተት የሚሆነው ሁለት ነገር ስለቀላቀለ ነው። ኢንሱሊን ጨርሶ በሌለበት፣ በተለይ ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው ሰዎች፣ ኬቶን ከልክ በላይ ሲከማች ደም ይመርዛል፤ ያ አደገኛ ሕመም ነው። ጤነኛ ሰው እህል ሲቀንስ የሚታየው መጠን ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ኢንሱሊኑ ይቆጣጠረዋልና። ኬቶ ራሱ በ1921 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በዶክተር ራስል ዋይልደር የቀረበው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ነው፤ መድኃኒት ለማይመልስላቸው ሕፃናት እስከ ዛሬ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያዞረው ብዙ ጊዜ ጨው ከውሃው ጋር ስለሚወጣ ነው። ውሃና ጨው ያለው መረቅ ይረዳል፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨው ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ማስጠንቀቂያው ለትክክለኛው ሰው ቢሆን ኖሮ ግን አመሰግናቸው ነበር። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል እህል ቢቀንስ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉትን አዳዲስ የስኳር ክኒኖች የሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ስኳሩ ከፍ ሳይል እንኳ ያ የተፈራው የኬቶን ክምችት ሊያጋጥመው ስለሚችል ያለ ሐኪም አይጀምረው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ኬቶ ባይነኩ ይሻላል። ጸሐፊው ይህንን አልጻፉም፤ የጻፉት «መርዝ» የሚል ቃል ነው።

ልብን በተመለከተ የማምነው አለ። ሎው ካርብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስቡ ይወርዳል፤ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ከፍ ይላል። መጥፎው ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ አሻቅቦ ይወጣል፤ ቅቤና ሥጋ ላይ የወደቀ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በኋላ መመርመር ግዴታ ነው፤ ከፍ ካለ በቅቤው ፋንታ አቮካዶ፣ ዓሣና ዘይት ይግባ። ቁርጥ ቤት በየቀኑ መዋል ሎው ካርብ ሳይሆን ሰበብ ነው። ኩላሊት ለታመመ ሰው ፕሮቲን ማብዛት ይከለከላል፤ ጤነኛ ኩላሊትን ይጎዳል የሚል ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም። ስለ ኩላሊት ከዚህ የበለጠ የሚባል የለኝም።

የኪስ ጉዳይ ላይ ጸሐፊው ያሉት ያሳዝናል እንጂ ስህተት አይደለም። ሥጋና ቅቤ ለብዙ ቤት የበዓል ነገር ነው፤ እንቁላሉም ቢሆን ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በኢንተርኔት የሚታየው የአልመንድ ዱቄትና የኮኮናት ዘይት ኬቶ ለእኛ አይደለም፤ እንዳሉትም ለሀብታም ነው። ግን የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያተርፋል። ለስላሳ መተው፣ ሻይን ያለ ስኳር መልመድ፣ ሁለተኛውን እንጀራ አለመዘርጋት ምን ያስወጣል? ጎመን ዛሬም ከሥጋ ይረክሳል።

ጾሙ ላይ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቀው ይዘውኛል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ነቢያቱ፣ ፍልሰታው ሲደመር ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። በዚህ መሃል ጥብቅ ኬቶ መያዝ ይቻላል የሚለኝ ሰው ካለ እሱ ሽሮ የማይወድ መሆን አለበት። እኔ አልያዝኩም፤ መያዝም አልፈልግም። ጾሙ ሲገባ ከኬቶ ወጥቼ ቀነስ ያለ አመጋገብ ላይ እቆያለሁ።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ እንጉዳይ ሲገኝ እንጉዳይ፤ ሰላጣ ከአቮካዶ ጋር፤ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ። ምስርና ክክ ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ግን ፕሮቲንና ፋይበር ይዘው ስለሚመጡ ስኳርን እንደ ዳቦ አያስሮጡም። ስለዚህ ምስሩ ዋናው ይሆናል፤ እንጀራው ማንሻ። ምግብ ቤት ገብቼ በያይነቱ ሳዝ «እንጀራው ግማሽ ይሁንልኝ፣ ጎመኑን ጨምሪልኝ» እላለሁ። የምታስተናግደኝ ልጅ ሁልጊዜ እንደ መደንገጥ ትላለች፤ «ጋሼ፣ አሞዎት ነው እንዴ?» አላመመኝም። ጉርሻ ይቆጠራል ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ ደግሞ መልሴ አይቆጠርም ነው፤ እናት አጉርሳ ግራም አይቆጠርም።

እንዲያውም ጸሐፊው በጾሙ በኩል ሊመጡብኝ ባይሞክሩ ይሻላቸው ነበር። ጾም ስንገባ ቀጥ ብለን ወዴት ነው የምንሄደው? ወደ ዳቦ በሻይ፣ ወደ ፓስታ በስጎ፣ ወደ ሩዝ በአትክልት፣ ወደ ሳምቡሳ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጦመን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በዱቄት እንካሳለን። ጾመን የምንወፍር ሕዝብ የሆንነው ለዚህ ይመስለኛል። የረመዳን ማፍጠሪያም ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ሾርባውና ቴምሩ ካለፈ በኋላ ያለውን የሳምቡሳና የጣፋጭ ሰልፍ የቀመሰ ያውቀዋል። ጾሙ ሎው ካርብን አልከለከለም፤ ዱቄት አብዙ ብሎም አላዘዘም።

አሁን ወዳቆየኋት አንቀጽ። ጸሐፊው የስኳር ሕመምተኛ የጤፍ እንጀራን ሳይሰቀቅ ሊበላ ይችላል ብለዋል። ይህን ከሌሎቹ ነጥቦች ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ሌሎቹ ክርክር ናቸው፣ ይህ ግን ምክር ነው፤ ምክሩም ለታመመ ሰው ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ሰነድ፣ የደም ስኳርን ለማሻሻል ብዙ ማስረጃ ያለው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ እንደሆነ ጽፏል። ማኅበሩ ኬቶ ያዙ አላለም፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ አመጋገብ የለም ነው የሚለው። ኪሎ በመቀነስ ብቻ ብዙ ርቀት እንደሚኬድም በብሪታንያ የተደረገ ሙከራ አሳይቷል፤ ለወራት በሐኪም ክትትል ካሎሪው በጣም ባነሰ ፈሳሽ ምግብ ከቆዩት ሰዎች 46 በመቶዎቹ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ደረጃ ወርዶ ተገኝቷል። ያ ሎው ካርብ አልነበረም። እንግዲህ መንገዱ ብዙ ነው። «እንደ ልባችሁ ብሉ» የሚል መንገድ ግን በየትኛውም ውስጥ አላገኘሁም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቀው ያቺን አንቀጽ እንዲያርሟት ነው፤ የቀረውን እንዳለ ይተዉት፣ እንከራከርበታለን። አንቀጿን አንብበው ልባቸው ለተረጋጋ ሕመምተኞች ደግሞ ከእኔም ከእርሳቸውም የተሻለ ዳኛ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የስኳር መለኪያ። አንድ ቀን የለመዳችሁትን ያህል እንጀራ ብሉ፤ ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፣ መብላት ከጀመራችሁ ሁለት ሰዓት ሲሆን ድገሙ። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወጥ፣ እንጀራውን በግማሽ ቀንሳችሁ ጎመኑን ጨምሩና እንደገና ለኩ። መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አትንኩ፤ ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትውጡ ግን እንጀራውን ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከምግብ በኋላ ለብዙ ሕመምተኛ የሚፈለገው ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ነው። በሙሉው እንጀራ ከዚያ በታች ከሆነላችሁ ጸሐፊው ለእናንተ ልክ ናቸው፤ በእንጀራችሁ ቀጥሉ። ካለፈ ግን ሁለቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ወደ ሐኪማችሁ ይዛችሁ ሂዱ።